ከኋላ የሚከተለው መኪና

የጉዞው አራተኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

የኔ እናት፣

ወጉ «እኛ ደህና ነን» ብሎ መጀመር ነው፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እንግዲያው ከሙቀቱ ልጀምር። የዛሬው ፀሐይ የጤና አይደለም፤ አስፋልቱ ከጎማዬ ሥር እንደ ማስቲካ ይሳባል። እናትሽ ባረፍንበት ሆቴል መጋረጃውን ዘግታ ተኝታለች። እኔ ከክፍሉ ደጃፍ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። «ፈተናዋን እስክትጨርስ ስለ ጤናዬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» ብላ አስምላኛለች፤ እኔም ምያለሁ። ስለዚህ ስለ ጤናዋ አልነግርሽም። የማወራሽ ስለ ብስክሌት ነው።

የእኛን ብስክሌተኞች ታውቂያቸዋለሽ። እነሱ ፔዳል ይረግጣሉ፤ እኔ ይሄ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ሻንጣቸውን፣ ውሃቸውንና ትርፍ ጎማቸውን ጭኜ በመኪና ከኋላ እከተላለሁ። የደከመው ሰው ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ይታሰርና አጠገቤ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስሙ «ሻንጣ» ነው። «ሻንጣ፣ ውሃ አቀብል!» «ኧረ ሻንጣው እንዳይረሳ፣ አውርዱት!» ስሙን ያወጣችው ደግሞ ራሷ እናትሽ ናት። አምና ፀጉር አስተካካያችን ዳገቱ ላይ እጅ ሲሰጥ፣ «ይሄኛው ሻንጣ ቁልፍ አለው ወይስ ክፍቱን ነው?» እያለች ራት እስኪቀርብ አሳቀችበት። እሷ ግን አንድም ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ዘንድሮ ቅሪ አልኳት። ከሷ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። ይከለክልልኛል ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ዓይኔን ሳያይ «ከእንግዲህ ደስ ያላትን ታድርግ» አለኝ። እሷ «አየህ፣ ፈቀደልኝ!» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ይሄ ስለ ጤና አይደለም ልጄ፣ ስለ ፈቃድ ነው።

ዛሬ ገና ከከተማው ሳንወጣ ከሁሉም ኋላ ቀረች። ያ አንቺ የላክሽላት ቢጫ ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ይገባበታል። ልኳ ነበር እኮ! በእግረኛ ፍጥነት ተከተልኳት። የሚያልፉን የጭነት መኪኖች ጥሩምባቸውን ሲነፉብኝ እኔም የአፌን አልነፈግኳቸውም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አንቺ ሴትዮ፣ በሞቴ ግቢ!» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ መንገድህን እይ፤ ልትገጨኝ ነው» አለችኝ።

እንዲህ ስትሰድበኝ ነፍሴ መለስ ትላለች። እውነቱን ልንገርሽ፤ አፌ ግቢ ይበል እንጂ ልቤ «እንዳትገቢ» እያለ ነበር። እሷ መኪናዬን እምቢ እስካለች ድረስ ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት ነው እያልኩ ነው ራሴን ስደልል የከረምኩት። ሞኝ ነኝ፤ ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

አንድ ዛፍ እንኳ የሌለበት ሜዳ ላይ ቆመች። ብስክሌቷን አልጣለቻትም፤ ቀስ ብላ ከመንገዱ ዳር አስተኛቻት። ከዚያ መጥታ የመኪናውን በር በመዳፏ መታ መታ አደረገች። እጀታውን የምትስብበት ጉልበት አልነበራትም።

«ክፈትልኝ» አለች።

«ትንሽ አረፍ ብለሽ ብትቀጥዪስ?» አልኳት። እኔው ነኝ ደግሞ ይህን ያልኩት፤ ጠዋቱን ሙሉ ግቢ እያልኩ ስነዘንዛት የነበርኩት ሰውዬ!

«ክፈትልኝ፣ የኔ ጌታ» አለች። ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር «የኔ ጌታ» ብላኝ አታውቅም። ከፈትኩላት።

ሌሎቹ ከፊታችን አንድ ነዳጅ ማደያ ጥላ ሥር ሆነው ይጠብቁን ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ብስክሌቷን ጣሪያው ላይ አያት። ያ አፉን ዘግቶ የማያውቅ፣ ብድሩን የሚመልስበትን ቀን ሲናፍቅ የከረመ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ ዝም አለ። ከብስክሌተኞቹ አንዷ የሆነችው ነርስ እርጥብ ፎጣ አቀበለቻት። እናትሽ አንገቷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ምነው? ሻንጣ በሉኝ እንጂ!»

አንዱ ጎንበስ ብሎ የብስክሌቱን ሰንሰለት መነካካት ጀመረ።

«ኧረ በሉኝ!»

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፈተና ፊቱን አዞረ። ወሽመጤ የተቆረጠው ያኔ ነው። ሐኪሙ ሲነግረኝ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ክፍላችን ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት፣ ዓይኗን ጨፍና «አንተ እንኳ በለኝ» አለችኝ። ጫማዎቹን አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

«ሻንጣ» አልኳት።

ፈገግ አለች። «እንዲያ ነው እንጂ። እንግዲህ ስትደርሱ እንዳትረሱኝ» አለችና ተኛች። እኔም እዚህ ወጥቼ የማለቅሰውን አለቀስኩ።

ይኸው፣ መሐላዬን አላፈረስኩም። ስለ ጤናዋ አልጻፍኩልሽም፤ ነይም አላልኩሽም። ፈተናሽን ያቅልልሽ፤ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይልሰልስልሽ፤ ክፉ አይንካብኝ። ነገ ሌሎቹ ወደፊት ይቀጥላሉ፤ እኔና እናትሽ ወደ ቤት እንመለሳለን። የፊት ወንበሩን አስተኝቼ ትራስ አደርግላታለሁ። በጣም በዝግታ ነው የምነዳው ልጄ፤ ከኋላችን ሊደርስብን የሚፈልግ ሰው ካለ እንዲደርስብን።

አባትሽ