አውጫጭኝ በእትዬ እታገኘሁ ግቢ

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ
ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከሰኔ ጀምሮ አልታየም፤ አለ ብለን እናምናለን።

የዲፌንሴ ቀን ተነገረኝ። ነሐሴ 20፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። አራት ክረምት የለፋሁበት ማስተርስ በአንድ ሰዓት ይፈረዳል። ደብዳቤው ግርጌ ላይ፦ «ግንኙነቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ የተቋረጠበት ተማሪ ለመጪው ክረምት ይተላለፋል።» እስካሁን ሁለቴ ተላልፌያለሁ። ቡሬ ያለችው እናቴ ለምርቃቴ የምታደልበው በግ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ለጎረቤት አብልታ «ልጄ ገና ነው» ብላለች።

ርዕሴ አውጫጭኝ ነው። ድሮ ዕቃ ሲሰረቅ መንደሩን በሙሉ ሰብስቦ «ሌባውን ካላወጣችሁ ቤታችሁ አትገቡም» የሚባልበት ሥርዓት። ጥሩ ርዕስ ነው። ከሞቱ ሰዎች ጋር ብቻ የሚያነካካ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ
የእድሩ ድንኳን ከወፍጮ ቤቱ ሰፈር ለቅሶ ተመለሰ፤ ውኃ ጠጥቶ። አከራዬ እትዬ እታገኘሁ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ዕቃ ቤቱም እዚሁ ግቢያችን ነው። እኔ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ። በጋ ላይ ድንኳኑ ደርቆ ስለሚመጣ ቀጥታ ይገባል። ክረምት ግን እርጥቡ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ እንሰቅለዋለን። እኔ በአንድ ጫፍ፣ ጎረቤቴ ሙህሲን በሌላው፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ጉደታ መሃሉን በትከሻቸው። ድንኳን አይደለም፣ የሞተ ዝሆን ነው።

ከሰዓት ለአማካሪዬ በቪዲዮ ደወልኩ። «ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለው...» ብለው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ምን አለ?

ሐምሌ 11
ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሦስት ጊዜ። ምንም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ
የሞባይል ዳታ ሞከርኩ። ግቢያችን ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ስልኩን ከጣሪያው በላይ ካልያዙት አይሠራም። ዲፌንስ መሰላል ላይ ቆሞ አይደረግም።

ወደ ነፃ መስመሩ ደወልኩ። ፅጌረዳ እባላለሁ አለች።
«ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።»
«አጥፍቼ አብርቻለሁ።»
«ስንት መብራት ይታያል?»
«ሦስት። አንዱ ቀይ።»
«ከእርስዎ ሌላ የሚጠቀም ሰው አለ?»
የለም አልኩ። ከዘጋሁት በኋላ ነው ጥያቄዋ የገባኝ። የለም?

ሐምሌ 15
ዳነ። በራሱ። ይሄ ነው የሚያጠራጥረው። የተበላሸ ነገር በራሱ አይድንም... ሲበላው የከረመ ሰው ሲለቀው ግን ይድናል።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ
እንደገና ቀይ መብራት።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባለፈውም ዛሬም ሲጠፋ ሙህሲን ግቢ ውስጥ ነበር። በሥራ ቀን! ገበያ አጠገብ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው፤ ዘግቶ እዚህ ምን ይሠራል? እርግጥ ድንኳኑን አብረን ሰቅለናል። ድንኳን ግን ለማንም ሰበብ ይሆናል።

ሐምሌ 26
የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ሦስት የታሪክ ዓመተ ምሕረቶች፣ ከኋላ ወደፊት። ቀዩ መብራት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሌባው ይለፍ ቃል አያስፈልገውም። ይለፍ ቃል የማያስፈልገው ሰው ማን ነው? ስልክ ሠሪ።

ይህን ድምዳሜ ተማሪ ቢያቀርብልኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ለራሴ ግን አለፈኝ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ
ኢንተርኔቱ እንደገና በራሱ ድኖ ከርሟል። ዛሬ የሙከራ ጥሪ ነበር፣ ከነፈታኞቹ። «እንደምን አ...» ብዬ ጠፋሁ። አማካሪዬ በጽሑፍ፦ «በዕለቱ እንዲህ ከሆነ ላግዝህ አልችልም።»

በመስኮት ስመለከት ሙህሲን ግቢ ውስጥ ቆሟል። የድንኳኑን እርጥበት ከእጁ እያራገፈ፣ እየሳቀ። ምን ያስቀዋል?

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ
ሰበሰብኳቸው። እትዬ እታገኘሁ፣ ሙህሲን፣ ባለቤቱ ሂባ፣ ሁለት የእድር ዳኞች። ጋሽ ጉደታም ጡሩምባቸውን ይዘው መጡ፤ ስብሰባ ከተባለ ሰው የሞተ መስሏቸው።

«ኢንተርኔቴ እየተሰረቀ ነው» አልኩ።
«ከየት ተወሰደ?» አሉ ጋሽ ጉደታ።
«ከአየር።»
«ኤዬ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ለሰው የሚያዝኑበት አነጋገር ነበር።
እትዬ እታገኘሁ «እኔ የስልኬን መክፈቻ እንኳ አላውቅም። የሚያውቅ ይጠየቅ» አሉ።
ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ። እኔም። እንዲያውም ቀድሜ።
«መምህር፣ እኔን ነው?»
«ሙያው ያለህ አንተ ነህ ነው የምለው።»
«እሱ እኮ ራሱን የቻለ ስድብ ነው!» አለች ሂባ።
ሙህሲን አንዴ አየኝና «እሺ» ብሎ ገባ። ብዙ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 12
ሂባ ያዋስኳትን ልቦለድ መለሰች። ግማሹ ላይ ገጹ እንደታጠፈ።
«አልጨረስሽውም እኮ።»
«በቃኝ።»
ሌባው ማን እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። አልነገርኳትም።

ነሐሴ 13
ድንኳኑ ደርቆ ገባ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አየህ? ስለተነቃበት ተወው።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ
ለእድሩ ሪፖርት ድንኳኑ የተመለሰባቸውን ቀናት ፈለግሁ። ከዚሁ ማስታወሻ ገለበጥኩ። ሐምሌ 10። ሐምሌ 24 (ለቅሶው የሳጉሬው እህል ነጋዴ)። ነሐሴ 9።

ቁጭ አልኩ። እንደገና አነበብኩ።

የሰፈር ሰው ሲሞት ኢንተርኔቴ ይታመማል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሟቾቹን ነው። የምጠረጥረው ሰው ስላለቀብኝ።

ወጣሁ። ድንኳኑን የምንሰቅልበት ሽቦ ከውጭው ምሰሶ ተነስቶ ግቢውን ያቋርጣል... እስከ ዛሬ ግን የት እንደሚያልቅ አላየሁም። ተከተልኩት። የኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ። በዚያ ይገባል። ራውተሩ ጀርባ ያልቃል። መሃሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አለ፤ ከክብደት ብዛት ተላቅቋል።

ጋሽ ጉደታን ጠየቅሁ። «ይሄን የስልክ ሽቦ ለድንኳን ማን ፈቀደ?»
«አካም! እንዴት? አምና የልብስ ገመዱ ሲበጠስ ራስህ አይደለህ? ‹መደበኛ ስልኩ ከተቆረጠ ቆየ፣ ይሄ ሽቦ ታሪክ ነው› አልክ። የታሪክ መምህር ታሪክ ነው ካለ እኔ ምን እላለሁ?»

ኢንተርኔቱ የገባው ዘንድሮ የካቲት ነው፣ በዚያው ሽቦ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ። ዋይፋይ በአየር ይመጣል ብዬ ኖሬያለሁ። አየሩ ከራውተሩ እስከ ወንበሬ ሁለት ሜትር ብቻ ነው።

እና ሙህሲን ግቢ የሚገኘው ድንኳኑን ለመስቀል ነው። ሱቁን ዘግቶ። ለእድር።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ
እንደ ድሮ ሰው ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ገበያ ሩቅ ነው፣ ጭቃም ነው። ባዶ እጄን ሄድኩ።

ሙህሲን ከማጉያ መነጽሩ ሥር ቀና አለ። «ስልክ ተበላሸ?»
ሁሉንም ነገርኩት። ይቅርታ አልኩት። የሆነች ስልክ ቁልቁል ይዞ አዳመጠኝ።
«መምህር፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ አይደለም ስሜን የጠሩት። ሰው ፊት ነው። እዚያው ሰው ፊት ይመልሱልኝ።»
«ከዲፌንሱ በኋላ...»
«እንደሚመችዎ።»
ወላሂ እንኳ አላለም። ሲቆጣ ወላሂ ይላል። አልተቆጣም፤ ይሄ ይብሳል።

ማታ ላይ ስመለስ መሰላል ቆሟል። መገጣጠሚያው በአዲስ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ማን እንደሠራው መጠየቅ አያስፈልግም። ሌላ ሙያው ያለው ሰው የለም።

ነሐሴ 17፣ ነሐሴ 18
ሰው እንዳይሞት ጸለይኩ። ለራሴ ጥቅም። ጋሽ ጉደታ ግን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጡሩምባ እየነፉ ነው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ
ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ድንኳኑ ከለቅሶ ተመለሰ። እርጥብ። አዲስ ገመድ ገና አልተገዛም። ከረባቴን እያሰርኩ ከውጭ የሙህሲንን ድምፅ ሰማሁ፦ «ሽቦው ላይ አይሰቀልም! መምህር ፈተና ላይ ናቸው።» የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ደርድረው ድንኳኑን ዘረጉበት። ጫፎቹ ጭቃ እንዳይነኩ ሙህሲን፣ ሂባ፣ ጋሽ ጉደታና እትዬ እታገኘሁ በእጃቸው ያዙ። ዳኞቹም ነበሩ።

አራት ሰዓት ላይ ገባሁ። አረንጓዴ። ሃያ ደቂቃ አቀረብኩ፣ አንድም ቃል አልተቆረጠብኝም።

ከዚያ አንዷ ፈታኝ፦ «በአውጫጭኝ ተጠቁሞ በኋላ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው፣ ስሙ እንዴት ይመለስለት ነበር? ጽሑፍዎ ይህን አልነካውም።»

እውነት ነው፣ አልነካሁትም። መቶ አርባ ገጽ፣ አንድ አንቀጽ የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩ እንዲቋረጥ ለመንኩ። እንደ ዓለት ቆመ። በደንብ ነው የታሰረው።

«አንድ ደቂቃ ይፍቀዱልኝ» አልኩና መስኮቱን ከፈትኩ። ድንኳን የያዙት ሁሉ ዞሩ።

«ሙህሲን ሌባ አይደለም!» አልኩ። «ሽቦውን የሞተ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ድንኳን የሰቀልኩበት እኔ ነኝ፣ ሰው ፊት ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እዚሁ ሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለስኩ።
«እንዲህ ነበር» አልኩ።
«ምንጭዎ?»
መልስ ሳልሰጥ ምንጩ ከውጭ ጮኸ፦
«ይቅር ብያለሁ ወላሂ! አሁን ቶሎ ይጨርሱ መምህር፣ እጃችን ዛለ!»