«ፈውስ» የጠፋበት ምክንያት

እመቤቲቱ፣

ሥራ ረፍዶብኛልና ቆሜ ነው የምጽፈው። የቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ክፈችለት።

ከእህትሽ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን የጀብዱ ጨዋታ የምንጫወትበት ያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሦስት ቀን ሙሉ ደሜን ሲያፈላው ከረመ። በጨዋታው ውስጥ እኔ የማንቀሳቅሳት ገጸ ባሕርይ፣ ሐኪሟ፣ አምስተኛ ደረጃ ስትደርስ «ፈውስ» የሚለው ችሎታ ከምርጫዎቿ መሀል ድራሹ ጠፋ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ሐኪሟን እንደ አዲስ ፈጠርኳት፤ ወይ ፍንክች! ለሠሪዎቹ ከነፎቶው አራት ጊዜ አመለከትኩ። «እኛ ጋ ይታያል» ሲሉኝ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳቸው።

ዛሬ ጠዋት «የጨዋታው መሪ ዘግቶት እንዳይሆን» ብለው መለሱልኝ።

የሁላችንንም ችሎታ የምትከፍተውና የምትዘጋው መሪ አንቺ! እኔ ስንጨረጨር አጠገቤ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽን ፉት እያልሽ፣ «ኔትወርኩ ይሆናል» ያልሽኝ አንቺ!

ለምን እንደዘጋሽው ገብቶኛል። እሑድ ስንጫወት የእህትሽ ገጸ ባሕርይ፣ ተዋጊዋ፣ ቆስላ ስታጣጥር «አድኚኝ» አለችኝ፤ እኔ «ተራዬ አልደረሰም» ብዬ እስክትሞት ዝም አልኳት። ከዚያ ወዲህ እህትሽ እዚህ ቤት ዝር አላለችም።

ተራዬ ደርሶ ነበር።

ለሠሪዎቹ ይቅርታ ጽፌያለሁ። ምርጫውን ክፈችልኝ አልልሽም። የእህትሽን ስልክ ቁጥር ግን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊልኝ።