የማይገባቸው ተማሪዎች ብዛት

ይድረስ ለተከበሩ የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድና ክትትል መምሪያ ኃላፊ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ ትምህርት ዓመታዊ ዕቅድ ስለጸደቀልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ ወንበርዎም ከወገብዎ ሳይጣሉ እንዲኖሩ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ የቢሮዎ በርም እንደ ልማዱ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ሆኖ እንዲዘልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ጎረቤትና ስለ አጥር እየጻፍኩ የምኖር፣ ለትልቅ ነገር የማልበቃ ሴት ነኝ። ስለ ትምህርት ዕቅድ ለመጻፍ የደፈርኩት ታላቅ እህቴ የሰባተኛ «ለ» የቋንቋ መምህርት በመሆኗና ባለፉት ሦስት ሳምንታት የደረሰባትን ነገር ከእሷም፣ ከባልደረቦቿም፣ ካልጠየቅኳቸው ሰዎችም ጭምር ስሰማ በመክረሜ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ በየመምህራን ማረፊያው ስለ መምሪያዎ የሚወራው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቀር ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እርስዎ ጋ እንደማይነበብ ተነግሮኛል፤ ያለውም ይነበባል ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

፩ኛ. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ለመምህራን የላኩት ባለ አሥራ አራት ዓምድ ቅጽ ሲዘረጋ የአልጋ ልብስ ያህላል። እህቴ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋችው ቀን ልጠይቃት ሄጄ ነበርና ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ በላሁ። ከአሥራ አራቱ ዓምዶች እጅግ ያስደነቀኝ አሥራ አንደኛው ሲሆን፣ ርእሱ «በሳምንቱ ትምህርቱ የማይገባቸው ተማሪዎች ብዛት» ይላል። መምህሯ ይህን ቁጥር ለሠላሳ ስድስቱም የትምህርት ሳምንታት የክፍሉ በር ሳይከፈት፣ ከልጆቹ የአንዱንም ዐይን ሳታይ እንድትሞላ ታዛለች። እኛ ተራ ሰዎች ያልተወለደ ልጅ ስም አናወጣም፤ መምሪያዎ ግን ያልተመዘገበውን ልጅ ቀድሞ ደደብ ያሰኘዋል፤ ያውም በየትኛው ሳምንት እንደሚደድብ ለይቶ። እንዲህ ያለውን አርቆ አስተዋይነት ከኮከብ ቆጣሪ እንጂ ከቢሮ ጠብቄ አላውቅም ነበር።

እህቴ የኮከብ ቆጠራ ስጦታ ስላልታደላት በሠላሳ ስድስቱም ረድፍ «ገና አላየኋቸውም» ብላ ጻፈች። የማረፊያ ክፍሉ ሰው ሁሉ ደነገጠላት። የታሪክ መምህሩ፣ መልካም ሰው ናቸው፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ቲቸር፣ ዝም ብለሽ አምስት አምስት በይው፤ እኔ ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ሁሉ ላይ አምስት ብዬ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማን ያነበዋል» ብለው መክረዋታል። እሷ ደግሞ ነገር በቀላሉ መጨረስ የማትወድ ሴት ስለሆነች «አምስቱን እነማን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አምስት ብላ ከጻፈች ዓመቱን ሙሉ አምስት ልጆች ስትፈልግ ልትኖር ነው፤ የፈለገ ደግሞ ያገኛል። አምና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለሁለት ወር ትንፍሽ ያላለች አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ በእርስዎ ዓምድ ቢሆን ከአምስቱ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ያቺ ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ስለ አባቷ የመኪና ጥገና ቤት ስድስት ገጽ ጽፋ ስታነብ፣ ወንዶቹ ልጆች እንኳን ወንበር ማንቋቋት ትተው እንደሰሟት እህቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። እኔም ከሰው ወሬ ሳላጋንን የማቀብለው ይሄንን ብቻ ነው።

፪ኛ. እርሳስን ስለከለከሉልን አመሰግናለሁ። እህቴ አሥራ ስምንት ዓመት ስታስተምር ዓመቱን የምታቅድበት አንድ መንገድ አላት፣ እሱም በመምሪያዎ ዐይን ሲታይ ወንጀል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አታስተምርም፤ ልጆቹን «ቤታችሁ ውስጥ እናንተ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር በአንድ ገጽ ጻፉልኝ» ትላቸዋለች። ከዚያ ወረቀቶቹን ሳሎኗ ወለል ላይ ዘርግታ በጉልበቷ እየዳኸች ትለያቸዋለች። ውሻ እንዳባረረው ሰው አራት ነጥብ ሳያዩ እስከ ገጹ ግርጌ የሮጡት አንድ ጥግ፣ ሦስት መስመር ጽፈው ሁለቱን የሰረዙት ሌላ ጥግ፣ የጎረቤታቸውን እናት የራሳቸው አድርገው የገለበጡት ደግሞ ሶፋው ሥር። መቼ ተረት እንደሚነበብ፣ መቼ ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ መቼ ክርክር እንደሚደረግ ከዚያ በኋላ ነው የምትወስነው፤ የምትጽፈውም በእርሳስ ነው፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ወር ግማሹን ታጠፋዋለች።

ይህን ሊመረምሩ የመጡት የመምሪያዎ ሱፐርቫይዘር ከኮታቸው ኪስ ማስመሪያ ስለማይጠፋ መምህራኑ «ማስመሪያው» ይሏቸዋል፤ ስሙን እኔ አላወጣሁላቸውም። እሳቸው ቅጹን ወደ መብራት አንሥተው «ዕቅድ በእርሳስ ከተጻፈ እኮ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው» ቢሏት፣ እህቴ «አዎ፣ ለዚያ ነው» አለቻቸው። ለዚህ መልስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤው በእርሳስ አልነበረም።

፫ኛ. ስለ ሞዴል ዕቅዱ የማቀርበው ምስጋና የግል ነው፤ የባለቤቴም አለበት። ማስመሪያው ቅጹን ሲመልሱላት «ከዚህ ተማሪ» ብለው መምሪያዎ ካቻምና ለሌሎች ሠላሳ አንድ ትምህርት ቤቶች አባዝቶ የበተነውን፣ ባለ አረንጓዴ ሽፋኑን ሞዴል ዕቅድ ሰጧት። እህቴ ሦስተኛውን ገጽ ስትገልጥ አረፍተ ነገሩን አወቀችው። የራሷ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈችው ዕቅድ ከፋይል ወጥቶ፣ ስሟ ተነሥቶ፣ በኮምፒውተር ተለቅሞ ሞዴል ሆኗል። ደግነቱ የለቀመው ሰው ታማኝ ነበር፤ አንዲት ቃል አላጎደለም። በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ትይዩ እህቴ ያኔ «የታናሽ እህቴ ሠርግ፣ ትምህርት የለም» ብላ ጽፋ ነበርና፣ እሱም እንዳለ ተባዝቷል።

ታናሽ እህቷ እኔ ነኝ፣ ክቡር ሆይ።

ሞዴሉን ያልገለበጠ ዕቅድ ስለማይጸድቅ መምህራኑ ሁሉ ገለበጡት፤ በየትምህርት ቤቱም በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ የቋንቋ ትምህርት ይቀራል። እኔ ነገሩ የተገለጠልኝ ፀጉር ቤት ሆኜ፣ ካስኩ ሥር እንደተቀመጥኩ ነው። አጠገቤ የነበረችው ሴት፣ የልጇ የቋንቋ መምህር እናቱ አንድ እሱን ብቻ ወልዳ ሳለ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በዚያው ሳምንት፣ እህቱን ዳረ ብላ ስትገረም ሰማኋት። «ድረናት ድረናት አላልቅ አለችን» ነው ያለችው። ለአንድ ተራ ሴት ጋብቻ ክብር በሠላሳ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ ሲቆም ከዚህ በፊት ተሰምቶ አያውቅም፤ ባለቤቴም እኔን ካገባ በኋላ የደረሰበት ትልቁ ማዕረግ ይሄ እንደሆነ እንዳሳውቅልዎ አደራ ብሎኛል። ማስመሪያው ግን የእህቴን አዲስ ዕቅድ ጀርባ ላይ «ከሞዴሉ ጋር አይጣጣምም፣ የሞዴሉን አዘጋጅ ብቃት ትከተል» ብለው ጻፉ። እሷ አዘጋጇ እኔ ነኝ አላለችም፤ ይሉኝታ ይዟት ነው። ለእኔ የነገረችኝ «የዚያን ጊዜ ልጆች ሌሎች ነበሩ» ብላ ብቻ ነው።

፬ኛ. ስለ መጋዘኑ። «ዕቅዱ ያልጸደቀ መምህር ክፍል አይግባ» የሚለው ሰርኩላርዎ በደረሰ ዕለት ርእሰ መምህሩ እህቴን ጠርተው፣ ሁለት ጊዜ መነጽራቸውን ጠርገው፣ «መምህርት፣ እኔም የበታች ነኝ» ብለው የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን መደቧት። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሃምሳ ስምንት ልጆች መምህርት፣ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት በሙጫ ስትለጥፍ ከረመች። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጡረታ የደረሱ እናት ናቸው፣ «ልጄ፣ ሰው ዕቅድ የለውም ተብሎ ከመጻሕፍት ጋር ሲታሰር ገና በአንቺ አየሁ» እያሉ ትራሳቸውን ለወገቧ አውሰዋታል። ልጆቹን የስፖርት መምህሩ ያዙ። እሳቸው ቅን ሰው ስለሆኑ «ቋንቋ አላውቅም፣ የማላውቀውን አላስተምርም» ብለው በቋንቋው ክፍለ ጊዜ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች ያሠሯቸው ነበር። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ወደ መጋዘኑ መስኮት እየመጡ በፍርግርጉ በኩል «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚፈቱዎት?» ይሏት ነበር። እሷም «ቅጹ ሲሞላ» ትላቸዋለች። አንዷ ደፋር «እኛ እንሙላልዎት?» ብላታለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከሁሉም የሚሻለው ሐሳብ የእሷ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ፤ አሥራ አንደኛው ዓምድ እስከ ሐሙስ ካልተሞላ ፋይሏ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል፣ ክፍሉም ለስፖርት መምህሩ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል የሚል። ያን ዕለት ከሰዓት ስደርስባት ከሙጫው ጎን አዲስ ቅጽ ዘርግታ፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ ተውሳ ተቀምጣለች። ተሸነፈች ብዬ ልቤ ተሰበረ፤ አምስት አምስት ልትል ነው ብዬ። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ረድፍ ላይ «58» ጽፋለች። በሁለተኛውም «58»። በሦስተኛውም። «እነዚህን ሦስቱን በእርግጠኝነት አውቃቸዋለሁ፤ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ልጆቹ እዚያ» አለችኝ፣ እጇም ሳይቆም እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት በዚያው ቁጥር ወረደች። ትርጉሙ፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ካላነበቡት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ፤ በዚህ ክፍል በዓመቱ ውስጥ በአንዱም ሳምንት አንዱም ነገር ለአንድም ልጅ አይገባውም ማለት ነው። ባለ አሥራ አራት ዓምድ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ መስመሩ የቀና፣ ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ሠርጌም በክብር የገባበት የዓመት ዕቅድ።

፭ኛ. እንግዲህ ዋናው ምስጋና እዚህ ላይ ነው። ዕቅዱ ሐሙስ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት ጸድቆ ወጣ። ማኅተም አለው፤ ፊርማዎ አለው፤ «ሁሉም ዓምዶች ተሟልተዋል፣ መምህርቷ ስላሳየችው መሻሻል ትመሰገናለች» የሚል በቀይ የተጻፈ ቃል አለው። ሃምሳ ስምንት ልጆች ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር እንዳይገባቸው በሙሉ ድምፅ በጸደቀላቸው ማግሥት፣ ዓርብ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እህቴ ክፍል ገብታ ጠመኔውን አነሣች፤ «ቤታችሁ ውስጥ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ጻፉልኝ» አለች። የስፖርት መምህሩ ከማንም በላይ ደስ ብሏቸው ወደ ሜዳቸው ተመልሰዋል።

እህቴ ይህን ደብዳቤ እንዳላወጣ ለምናኝ ነበር፤ ማጽደቂያውን እንዳይሽሩባት ፈርታ። እኔ ግን ፍርሃት የለብኝም። ማጽደቂያው እንዲሻር በመጀመሪያ ሳይነበብ መታተሙን መናገር ይጠይቃል፣ ይህንን ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው አያደርገውም። ስለዚህ እህቴ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍሏ ውስጥ ናት፣ እርሳሷም አብሯት አለ፤ ለዚህም ከነቤተሰቤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ዘመንዎ እንደ ቅጽዎ ሰፊ፣ ሐሳብዎ እንደ ዓምዶችዎ ቀጥ ያለ ይሁን እያልኩ፣ በሠላሳ አንድ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የምትሞሸረዋ፣

ታዛዥዎ፣
የመምህርቷ ታናሽ እህት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አንድ የቁጥር ስሕተት ማረም ግድ ሆኖብኛል። ዓርብ ዕለት እህቴ የልጆቹን ወረቀት ሰብስባ ብትቆጥር ሃምሳ ስድስት ሆነባት። መምህር በሌለበት ክፍል ልጅ አናስቀምጥም ያሉ ወላጆች በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱን ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት አስገብተዋቸዋል። ስለዚህ ራስዎ ፈርመው ባጸደቁት ሰነድ መሠረት፣ በዚያ ክፍል የማይገባቸው ሰዎች ከተማሪዎቹ በሁለት ይበልጣሉ ማለት ነው። አንደኛውን ወንበር ለማስመሪያው ይዘንላቸዋል። ሁለተኛው ሰሌዳው ፊት ለፊት ነው፣ በደንብ ያሳያል፤ ክቡርነትዎ በማንኛውም ሳምንት ቢመጡ እህቴ ደስ እያላት ከመጀመሪያው ትጀምርልዎታለች።