ለወንድሜ መቃብር የመጡት ድንጋዮች

ጅግጅጋ፣ የካቲት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለፌኔት፣
ኩዌት

እማዬ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ሱቁን ከፍቷል፤ ከደንበኞቹ ጋር መከራከርም ስለጀመረ ስለ እሱ አታስቢ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የጉሌድን ስም ስናነሳ ሁለታችንም መናገር ስለሚያቅተን ነው። ሹክሪ ነገ ወደዚያ ስለምትመለስ በእሷ ላክሁልሽ። ከአጎቴ ከባሬ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

"ልጄን ሳልቀብረው ቀረሁ፤ መቃብሩን እንኳ እንድለየው የሚያምር ድንጋይ አድርጉለት" ብለሽ ነበር። አጎቴ አደራሽን አልረሳም። ባለፈው ሐሙስ ከሾፌሩ ከዒጋል ጋር በአይሱዙ እዚሁ አጠገባችን ደምበል ወረዳ ድረስ ሄደው ጥርብ ድንጋይ ጭነው መጡ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል። ጠርዙ እንደ አዲስ ሳሙና ነው። አንዱ ላይ ቅጠል ተቀርጾበታል።

"አዴር፣ ከየት አመጣኸው?" አልኩት አጎቴን።

"ከጥንት ሰዎች ግድግዳ ነዋ! ሃርላዎች የሠሩት ነው ይባላል። ጉሌድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የነበረው የጥንት ታሪክ አይደል? ከሚወደው ነገር አመጣሁለት።"

እማዬ፣ ጉሌድ ለእረፍት ሲመጣ እዚያው ፍርስራሽ ይወስደኝ ነበር። አንድ ጊዜ የሸክላ ስባሪ ኪሴ ከትቼ ተገኘሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አስመለሰኝ። "ከቦታዋ ካነሳሃት የማን ቤት ዕቃ እንደነበረች ማን ይነግረናል?" እያለ እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀኝም። እሱን በዚያ ግድግዳ ድንጋይ መሸፈን አልቻልኩም።

"ይመለስ" አልኩ።

ዒጋል ሳቀ። "ይህ ልጅ አበደ እንዴ? ወገቤ እስኪቆረጥ ጭኜ መጥቼ?"

አጎቴ ግን አልሳቀም። "ያዘዘችኝ እናትህ ናት። እምቢ ያልከው እሷን ነው" አለኝ።

እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም። "ጉሌድ ቢኖር ራሱ ያስመልስህ ነበር!" ብዬ ጮህኩበት።

አባዬ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይሰማን ኖሯል። "ባሬ፣ እውነቱን ነው። ያ ልጅ ጠጠር እንኳ አያስነካንም ነበር። መልሱት" አለ። አጎቴ ለእራት ሳይገባ ሄደ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ተጫንኩ። የተነቀለው ቦታ ገና አፈሩ ስላልደረቀ አልጠፋንም። አጎቴና ዒጋል "ይቺ ከላይ ነበረች"፣ "የለም፣ ከታች ናት፣ እኔ ነኝ የነቀልኳት" እየተባባሉ አንድ በአንድ መለሷቸው። ባለ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሊያዞሩት ሲሉ፣ "ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ ጉሌድ አሳይቶኛል" አልኳቸው። አጎቴ ላቡን እየጠረገ አየኝና፣ "አንተም ይህንኑ ልትማር ነው? አላህ ጉልበታችንን ይጠብቅልን!" አለ። ሲመለስ ከጎኑ፣ ጋቢና አስቀመጠኝ።

አዎ እማዬ፣ ይህንኑ ልማር ነው። አሥረኛን ስጨርስ ማኅበራዊ ሳይንስ እመርጣለሁ። አባዬ "ደግሞ ሌላ ድንጋይ ጠባቂ" አለኝ፤ ግን አልከለከለኝም።

ለጉሌድ ከወንዙ አሸዋ ላይ ድንጋይ ለቅመን ደረደርንለት። ትልቁን አጎቴ ብቻውን ተሸከመው። እንደ ጎረቤቶቹ መቃብር ነው፤ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ቃልሽን በማስለወጤ ካዘንሽብኝ ይቅር በዪኝ። ለአጎቴም ደውለሽ አመስግኚው፤ ብዙ ለፍቷል።

የምትሠሪበት ቤት ፊቱ የበራ፣ እንቅልፍሽም የሰላም ይሁን። አላህ በጤና ያገናኘን።

ስትመጪ ደግሞ መቃብሩ የቱ እንደሆነ አልለየውም ብለሽ አትጨነቂ። እኔ አሳይሻለሁ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የምመለሰው በዚያ በኩል ነው፤ መንገዱ ቢረዝምም።

ልጅሽ
ዐብዲሰላም ጃማ