ልኩን ሳልወስድ የሰፋሁት ሱሪ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቻልሽ? ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እህል መቅመስ ጀምሬአለሁ፤ የልጄን አልጋ ግን እስካሁን አላነሣሁትም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጎረቤቴ ልጅ ለአጭሬ ሱሪ ልሰፋለት ነው ብዬ የጻፍኩልሽን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞችሽ አንብበሽላቸው «ክርስቲያን ማለት እሷ ናት» አሉ አልሽኝ። እታለም፣ እባክሽ ተይ። ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

እንደምታውቂው፣ አጭሬና ልጄ ፎቅ ላይ ቀለም ሲቀቡ ነው መወጣጫው ተደርምሶ አብረው የወደቁት። ልጄ በዚያው ቀረ፣ አጭሬ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። በየቀኑ ሾርባ እወስድለታለሁ፤ አንሶላውንም አጥብለታለሁ። እናቱ «አንቺን የሰጠኝ ይመስገን» ትለኛለች። እኔ ግን ሳህኑን እያቀበልኩት በሆዴ «ምነው የሞትከው አንተ በሆንክ» እላለሁ። ማንኪያውን ባነሣ ቁጥር እላለሁ።

ጄሶ ያለበት እግሩ እንዲገባ የሱሪውን አንድ ጎን ከፍቼ ቁልፍ ተከልኩበት። ትናንት ወስጄ እናቱ ስታለብሰው ግን እግሩን አልፎ መሬት ጎተተ። ለካ ልኩን ሳልወስድ፣ እጄ የለመደውን የልጄን ቁመት ነው የቆረጥኩት። አጭሬም ሳቀና «እማማ፣ ጄሶው ሲፈታ እረዝማለሁ ብለው ነው እንዴ?» አለኝ። እናቱም ስቃ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ያን ጊዜ ጨርቁን እየዳሰሰ «የሱ ልክ ነው፣ አይደል?» አለኝ። አጎንብሼ የተረፈውን ጫፍ ማጠፍ ጀመርኩ። «እኔም ሁልጊዜ ምነው እሱ በተረፈ እላለሁ። እርስዎን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል» አለኝ።

እታለም፣ ማንም አይሰማው ብዬ የያዝኩትን ክፉ ነገር ከዚያ ልጅ አፍ ሰማሁት። ሾርባውን ሲጠጣ ዓይኔን እያየ ኖሯል። ጌታ ልብን ያያል ሲባል ስንት ጊዜ አሜን ብያለሁ፤ ልጁም እንደሚያይ አላሰብኩም። መሬት ቁጭ ብዬ እግሩን ያዝኩና «አንተ በመትረፍህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» አልኩት። «እሺ እማማ» አለኝ። እንዳላመነኝ ገባኝ፤ እኔም ስናገረው አላመንኩትም።

ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ ሄጄ በደንብ ለካሁት። ቤቴ እየበላ ያደገ ልጅ ነው፣ ቁመቱን ግን አላውቀውም ነበር። ስለካው ያንኑ ቃል ደገምኩለት። ከትናንቱ ትንሽ ቀለለኝ፤ ገና ሙሉ አይደለም። ይህንንም ለጓደኞችሽ አንብቢላቸው። ያ ልጅ እስኪያምነኝ ድረስ ቃሌ እውነት እንዲሆንልኝ ይጸልዩልኝ።

ባልሽን እጅ ነሥታለች በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን ፈተናው ይቅናሽ በያት። ያንን ረባሽ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፣ አንድ ጊዜም ቆንጥጪልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከቤቴ፣ መጋቢት 12 ቀን