አባ ጉልላት ያልሰረዙት ገጽ

ኮልፌ፣ ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ ጥፋቱ የአባ ጉልላት ነው፤ እኔን አትውቀሺ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እንሰቱ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የኮልፌ ብርድ ብቻ ወገቤን ይዞኛል።

አባ ጉልላት ማለት ልብሳቸውን የማጥብላቸው፣ ወጥ የምሠራላቸው የካቶሊክ ቄስ ናቸው። ከቅዳሴና በሽተኛ ከመጠየቅ ሲመለሱ የጸሎትና የምክር መጽሐፍ ይጽፋሉ። ለተማረ ሰው አይደለም፤ ለእኔ ቢጤ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ያስቆጠሩኝም ለዚሁ ነው። ገጹን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ የተደናቀፍኩበትን ሰርዘው በሌላ ቃል ይጽፉታል። «እትዬ ወንፊቴ» ይሉኛል። ክፉ ሥራ አይደለም። እኔ ተቀምጬ አነባለሁ፣ ቄስ ያርማል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ማን አገኘ?

ሰሞኑን ግን ከዘመዱ ተኳርፎ ስለሚቆርብ ሰው የጻፉትን ሰጡኝ። ገና ስጀምረው ፊቴ ላይ ድቅን አልሽብኝ። እናታችንን ሳትጠሪኝ ቀበርሽ። «ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው» ብለሽ ነው፤ መርዶው የደረሰኝ ከአርባዋ በኋላ ነው። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ይህ ገጽ ታትሞ በየእሑዱ ሊነበብብኝ ነው ብዬ፣ እንዲሰርዙት ሆን ብዬ ተንተባተብኩ።

ሰረዙት። በማግስቱ ግን ቀለል አድርገው ጽፈው አመጡት። ደግሜ ተንተባተብኩ። አሁንም አቀለሉት። በቀለለ ቁጥር እኔን ይብስ አመመኝ። ጎረቤቴ ዙቤዳ ጭቅጭቃችንን በአጥር ሰምታ፣ «እትዬ፣ ቄሱን ያስቸገሯቸው በመጽሐፉ ነው ወይስ በወጡ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በመጨረሻ ያመጡልኝ «ሳትቀብረው ታረቀው» የሚል ብቻ ነበር። ወረቀቱን ሳላነበው አስቀመጥኩት። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ ከዚህ በላይ ማቅለል አልችልም» አሉኝ። «ያስቸገረዎት ንባቡ ነው?»

አነበብኩላቸው፤ አልተደናቀፍኩም። እሳቸውም ለማተሚያ ቤት ከሚሄደው ጋር ጨመሩት። ተንኮለኛ ናቸው።

እሑድ ሳልቆርብ ቀረሁ፤ መጀመሪያ ይህን ልጻፍልሽ ብዬ ነው። የቀብሩን ነገር አልረሳሁትም። ስንገናኝ እነግርሻለሁ፣ አንቺም ትሰሚኛለሽ። ለመስቀል እመጣለሁ፤ ቤት ሳልገባ መቃብሯን ታሳዪኛለሽ።

እመቤታችን ደጅሽን ትጠብቅ። የተከልሽው ይጽደቅ፣ የወለድሽው ይባረክ።

ደግሞ ይህን እወቂ፦ ከአገር ቤት የተመለሰ ሰው ሁሉ ሰላምታሽን ሲያቀርብልኝ፣ «አላገኘኋትም በላት» እያልኩ መሸኘቴን ከእንግዲህ ትቻለሁ።

እህትሽ