ስሜ ከሮቢት ይሰረዝ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14፤ ቆቦ

ከማስተምርበት ከሐርጌሳ ለዕረፍት እናቴ ቤት መጥቻለሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ አጎቴ ሰይድ መጡ። እዚሁ ቅርብ ሮቢት አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈልጋል አሉ፤ እኔን ሳይጠይቁ ስሜን ሰጥተዋል።

«ሐርጌሳ ምን አለሽ? ሰው አገር ብቻሽን» አሉኝ።

ያለኝን ነገርኳቸው። ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሶማልኛዬን ያርሙልኛል፤ ስሳሳት ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሥራ በኋላ ከኬንያዊቷ ባልደረባዬ ጋር በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣን ስናወራ ይመሻል። ዓርብ ዕረፍት ነው፤ እስኪበቃኝ እተኛለሁ። መቼ ነው የምታገቢው የሚለኝ ሰው የለም።

«ለሻይ ብለሽ ነዋ አገርሽን የተውሽው?»

«ለሻዩም ነው» አልኳቸው። «አገሬንም አልተውኩም። ስሜን ያሰርዙልኝ።»

ተቆጥተው ወጡ። እናቴ ጥግ ላይ ማሽላ እየለቀመች ሁሉንም ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያ በርበሬሽን ነገ ላስፈጨው» ብላ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

አጎቴ ነገም መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ።